የአባት ስም እንዴት ይሠራል?

ቡናው እስኪፈላ መታወቂያዎን ከኪስዎ ያውጡ። ባንክ ሲሄዱ፣ ሲም ካርድ ሲያወጡ የሚያሳዩት ያው መታወቂያ ነው። ስሙን ያንብቡት፦ የእርስዎ፣ የአባትዎ፣ የአያትዎ። ሦስት ትውልድ በአንድ መስመር ተሰልፎ አብሮዎት ይዞራል።

አሁን የቢቸና ወይም የሞጣ ሰው ነዎት እንበል። የዘመዶችዎን ነገር ማወቅ አማረዎትና አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ገቡ፤ ወይም ኮምፒውተር ከፍተው የጥናት ጽሑፍ መፈለግ ጀመሩ። ኮምፒውተሩ «የቤተሰብ ስም» ይልዎታል። የአባትዎን ስም ይጽፋሉ። የማያውቋቸው ሰዎች ይግተለተላሉ፤ የአጎትዎ ልጅ ግን የለም።

ችግሩ ከጥያቄው ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የሚለው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ አንድ ስም ነው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ ስም መቁጠር ዘር መቁጠር ሊሆን ይችላል። የታዋቂው ሳይንቲስት የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ ዳርዊን በ1875 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በእንግሊዝ ስንት የአጎትና የአክስት ልጆች እንደሚጋቡ ለመገመት አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ያላቸውን ሙሽሮች ቆጥሯል።

ይህን ዘዴ እኛ አገር ይሞክሩት። «ዘውዴ» ብለው ይፈልጉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ይመጣሉ፤ የቀድሞዋ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ይመጣሉ፤ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴም ይመጣሉ። ኮምፒውተሩ አንድ ቤተሰብ ያደርጋቸዋል። እርስዎ ግን ሦስቱ ዘውዴዎች ሦስት የተለያዩ አባቶች መሆናቸው አይጠፋዎትም።

ተቃራኒውም አለ። ሯጮቹ ጥሩነሽ፣ እጅጋየሁና ገንዘቤ ሦስቱም «ዲባባ» ስለሆኑ እህትማማችነታቸው ይታያል። ዘመዳቸው ደራርቱ ቱሉ ግን በ«ዲባባ» ፍለጋ አትገኝም።

ወደ ቢቸና እንመለስ። የአርበኛው በላይ ዘለቀ ወንድም እጅጉ ዘለቀ ነው፤ የበላይ ልጅ ደግሞ የሻሽወርቅ በላይ ናት። «ዘለቀ» የሚለው ስም በአባት ስምነት ከሁለቱ ወንድማማቾች አልፎ አንድ ትውልድ እንኳ አልተሻገረም። ታዲያ ዘር በምን ይያያዛል?

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። የሣር ቤት ሲከደን አይተዋል። ክዳኑ ከታች ይጀምርና ላይኛው ረድፍ የታችኛውን በከፊል እየሸፈነ ይወጣል፤ ዝናብ የማይገባው በመደራረቡ ነው። ስማችንም እንዲሁ ነው። አዳል ተሰማ፣ ተሰማ ጎሹ፣ ጎሹ ዘውዴ፦ እነዚህ ጎጃምን የገዙ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስሞች ናቸው። ተሰማ ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ አንዴ እንደ ልጅ፣ አንዴ እንደ አባት። ጎሹም እንዲሁ።

ይሞክሩት። ከልጆችዎ ደብተር አንድ ገጽ ወስደው በጠባብ በጠባቡ ይቁረጡ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የአንድ ዘመድዎን ስም ከነአባቱ ይጻፉ። ቀላቅለው ቤተሰብዎን ለማያውቅ እንግዳ ይስጡትና «ደርድር» ይበሉት። አንድም ሰው ሳያውቅ ይደረድረዋል፤ የአንዱ አባት የሌላው ራስ እየሆነ ይገጥምለታልና።

አንድ ቦታ ላይ ግን እጁ ያመነታል። በዘመዶችዎ መካከል ሁለት አበበ ካሉ «ከበደ አበበ» የየትኛው ልጅ ነው? አሁን በየቁራጩ ላይ የአያትን ስም ይጨምሩ። ከበደ አበበ ወርቁ ከሆነ፣ «አበበ ወርቁ» ተብሎ ከተጻፈው ጋር በሁለት ስም ይገጥማል። ሁለት ስም አንድ ላይ የመመሳሰሉ ዕድል ከአንድ ስም በጣም ያነሰ ነው። መታወቂያዎ ላይ የአያት ስም የሰፈረው ለሥርዓት ብቻ ይመስል ነበር፤ ስህተትን የሚከለክለው እሱ ነው። ማንኛውንም ዶሴ ሲያገላብጡ የአያት ስም ካገኙ ሳይጽፉት እንዳያልፉ።

የሴቶቹን ደግሞ ይመልከቱ። የበላይ ዘለቀ እናት ጣይቱ አሰኔ ናቸው። ቢያገቡም አሰኔ አልጠፋም። በብዙ የአውሮፓ አገር አንዲት ሴት ስታገባ በልማድ የባሏን ስም ስለምትይዝ የአባቷ ስም ከኋለኛው መዝገብ ይጠፋና ፈላጊው ግራ ይገባዋል። በእኛ ዘንድ የእናትዎን ስም ሲይዙ የሌላኛውን አያትዎን በር ከፍተዋል ማለት ነው። ይህ እኔን ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል።

አሁን የሚያስቸግረውን እንይ። አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። አዳል ተሰማን እስከ 1873 ዓ.ም. ያገኟቸዋል፤ በዚያ ዓመት አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ሲያደርጓቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉና «አዳል» ከሰነዱ ይጠፋል። በላይ በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ናቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት ልጃቸው ደግሞ ወለተ እስራኤል ይባላሉ፤ «ምንትዋብ» የሚለው ስም በልጃቸው ስም ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም።

በተለይ የክርስትና ስምን አይናቁት። በጎጃምና በጎንደር ደብሮች የመሬት ሽያጭና ስጦታ ውል በብራና መጻሕፍት ባዶ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ገዥው፣ ሻጩ፣ ዋሱና እማኞቹ እየተዘረዘሩ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ በ2000 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው የመሬት ታሪክ መጽሐፉ ብዙ የተጠቀመው በእነዚህ ውሎች ነው። ቄስ የጻፈው ሰነድ ላይ ቅድመ አያትዎ ሰፈር በሚጠሩበት ስም ላይገኙ ይችላሉ።

ቀጥሎ ፊደሉ አለ። እስክሪብቶ ይያዙና «ኃይለ ሥላሴ» በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል ይቁጠሩ። ለመጀመሪያው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፦ ስድስት። ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ። ተጣብቆ ወይም ተለያይቶ። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ እንደገና በሁለት ሲባዛ 48 ይሆናል። ለጆሮዎ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ስልክዎ ላይ «ኃይሉ» ብለው የመዘገቡትን ወዳጅዎን «ሀይሉ» ብለው ይፈልጉት። ላያገኙት ይችላሉ። አሜሪካኖችም በራሳቸው ፊደል ይህ ስለገጠማቸው ሮበርት ራስል የተባለ ሰው በ1918 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ተቀራራቢ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች በአንድ ቁጥር የሚጠራ ዘዴ አውጥቶ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። እርስዎ ያን የመሰለ መሣሪያ ካላገኙ በእጅዎ ይሠሩታል፦ አንዱን ስም በየአጻጻፉ እየቀያየሩ ይፈልጉ። በላቲን ፊደል ደግሞ አጻጻፉ የበለጠ ይበዛል፤ አንዳንዴም «ገብረ» እና «ወልደ» ያለባቸው ስሞች ተቆርጠው ሁለተኛው ቁራጭ ብቻ የቤተሰብ ስም ይደረጋል።

የጥናት ጽሑፎች ዝርዝርም እንዲሁ ያስታል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ አለማየሁ በእኛ ቤተ መጻሕፍት በ«ሀዲስ» ይፈለጋሉ፤ በብዙ የውጭ መጽሔት ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ግን «አለማየሁ» ተብለው አባታቸው ደራሲ ይሆናሉ። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ በራስ ስም መደርደሩ ትክክል ነው። አይስላንዳውያንም እንደኛ የአባት ስም ስለሚጠቀሙ የታተመ የስልክ ማውጫቸውን በራስ ስም ይደረድሩ ነበር። ስለዚህ አንድን ምሁር ሲፈልጉ በሁለቱም በኩል ይፈልጉ፤ አንዴ በራሱ ስም፣ አንዴ በአባቱ።

መንግሥትም በአንድ ወቅት የቤተሰብ ስም ሊሰጠን ሞክሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን በአባት ስም ቀጠለ። ደግ አደረገ እላለሁ።

ስም ብቻውን ያልያዘውን የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው። ጆርጅ ዳርዊን ከመዝገብ ሊገምት የደከመበትን የእኛ አገር ሽማግሌ ገና ከሠርጉ በፊት እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይነግርዎታል። በጎጃም ደግሞ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት መቁጠር ነበረበት። መሳሳት መሬት ማጣት ስለነበር በጥንቃቄ ይቆጠር ነበር። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ያን ቆጠራ በቃል እንዲይዙ የሚያስገድድም ነገር አብሮ ቀረ። ያኔ ትውልድ ቆጥረው የተሟገቱ ሰዎች ዛሬ በጣም አርጅተዋል። መዝገቡ ቆይቶም ይገኛል፤ እነሱን ግን በዚህ ዓመት ይጠይቁ።

ሲጠይቁ «ቤተሰባችን ማን ይባላል?» አይበሉ። «እማማ፣ የአያትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር? እናታቸውስ የማን ልጅ ነበሩ?» ይበሉ። መልሱን ቅድም በቆረጡት ዓይነት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሰውየው ከነአባቱ ከነአያቱ። በጀርባው የክርስትና ስሙን፣ ካለም የፈረስ ስሙን፣ የተወለደበትን ቀበሌና የተቀበረበትን ደብር ይጻፉ፤ ሁለት ተመሳሳይ ስሞች ሲጋጩ የሚዳኘው ደብሩ ነው። ማን እንደነገረዎትና መቼ እንደነገረዎትም ይጨምሩበት።