ጡረታ በሁለት ጎማ

ቅዳሜ ማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል። የዳላስ ሐምሌ ፀሐይ ሳትከርር ጎረቤቶቼ ብስክሌቶቻቸውን ከጋራዥ እያወጡ ነው። ጋሼ 71 ዓመታቸው ነው፤ ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ 68። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። “ስም ምን ያደርጋል? ዋናው ጎማው መዞሩ ነው” አሉኝ ጋሼ እየሳቁ።

እኔ ገና ሠላሳዎቹን ያላጋመስኩ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ እዚሁ ጋርላንድ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ስለምቀመጥ ወገቤን ያመኛል። የዋይት ሮክ ሐይቅን ዙሪያ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብሬያቸው የነዳሁ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው የጠበቁኝ እነሱ ናቸው።

ሶፋው ላይ ያለፈው ክረምት

ጋሼና እትዬ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በስደት ነው አሜሪካ የገቡት። እሳቸው መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ኋላም በታክሲ ሠርተዋል። እትዬ ደግሞ አረጋውያንን በመንከባከብ ሦስት ልጆች አሳድገዋል። “ጡረታ ስወጣ እስኪበቃኝ እተኛለሁ እል ነበር” ይላሉ ጋሼ። “በሁለት ወር ውስጥ በቃኝ።”

የመጀመሪያው የጡረታ ክረምት ከባድ ነበር። ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ እንቅልፍ። የጋሼ የደም ግፊት ጨመረ። እትዬ እንደሚሉት እሁድ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ድረስ ከባላቸው ሌላ ሰው የማያዩበት ሳምንት ነበር። መኪና ካልነዱ የትም በማይደረስበት ከተማ ይህ የብዙ ሐበሻ አረጋውያን ኑሮ ነው።

መላው የተገኘው ጋራዥ ውስጥ ነው። ልጃቸው ትቶት የሄደው ብስክሌት ለጋሼ የልጅነታቸውን አዲስ አበባ አስታወሳቸው፤ በሳንቲም ለሰዓት የሚከራየውን ብስክሌትና የገረመው ደንቦባን ስም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ከማሸነፉ አራት ዓመት በፊት ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው በብስክሌት ተወዳድሮ ነበር። “የሰፈር ልጅ ሁሉ ገረመው ነኝ ይል ነበር” ይላሉ።

እትዬ ግን ብስክሌት ነድተው አያውቁም። በ63 ዓመታቸው ሰው በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ግቢ ውስጥ ተማሩ። ጋሼ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ፣ እሳቸው “እንዳትለቀኝ!” እያሉ። ለካ ጋሼ ቀድመው ለቀዋቸው ነበር።

ውድቀቱና የቤተሰብ ስብሰባው

አምና በጥቅምት ጋሼ እርጥብ ቅጠል ላይ አዳለጣቸውና ወደቁ። የአንገታቸው ሥር አጥንት ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ከረሙ። ልጆቹ ተሰበሰቡ፤ እኔም እንደ ሽማግሌ ተጠራሁ። ትልቋ ልጅ እያለቀሰች “አባዬ፣ ብስክሌቱ ይሸጥ” አለች። ፍርሃቷ እውነት ነበር። በዚህ ዕድሜ አንድ ውድቀት ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ሁላችንም ዝም ስንል እትዬ ተናገሩ። “እናንተ የምትፈሩት አባታችሁ እንዳይወድቅ ነው። እኔ የምፈራው ሶፋው ላይ እንዳይቀርብኝ ነው። ያን ክረምት አይቼዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ ድርድር ሆነ። ያለ ሄልሜት አይወጣም። መኪና የሚሄድበት መንገድ ላይ አይነዳም። ዝናብ በጣለ ማግስት እረፍት ነው። ዓይናቸው ተመረመረ። እኔ ደግሞ ያሉበት ቦታ በልጆቹ ስልክ ላይ እንዲታይ አስተካከልኩ። በዚያው ስብሰባ እትዬ ሌላም ጉዳይ አነሱ፤ የልጅ ልጆችን መጠበቅ። “በሳምንት ሁለት ቀን በደስታ፤ የቀሩት ቀናት የኛ ናቸው።” ልጆቹ ደነገጡ፤ ግን ተስማሙ።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛን የሚያጠናክር ልምምድ ይመክራል። የሚዛን ልምምዱ ዓላማ ውድቀትን መከላከል ነው። ጋሼ ዛሬ ጥርሳቸውን ሲቦርሹ በአንድ እግራቸው ይቆማሉ፤ በሌላ እጃቸው መታጠቢያውን ይዘው።

ቴአትርና ሐሙስ ቡና

ጋሼ ወጣት ሳሉ ደመወዝ ሲቀበሉ የሚሄዱት ወደ ሀገር ፍቅር ወይም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ነበር። ሼክስፒርንም ያወቁት በጸጋዬ ገብረመድኅን አማርኛ ነው። ዳላስ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ ሼክስፒር ደጅ ላይ እንደሚታይ ያወቁት ግን ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ቦታው ሳሙኤል ግራንድ መናፈሻ፣ ከሚነዱበት ሐይቅ ብዙም አይርቅም። ብርድ ልብስና ቆሎ ይዘው ሣሩ ላይ ይቀመጣሉ። እትዬ እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጣቸዋል። “ቅናት ግን አስተርጓሚ አይፈልግም” ይላሉ።

መሀል ከተማ ያለው ቴአትር ሲያምራቸው ከጋርላንድ በዳርት ባቡር በሰማያዊው መስመር ተሳፍረው ፐርል ጣቢያ ይወርዳሉ። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ቲኬቱ ቅናሽ አለው፤ ብስክሌትም ይጫናል።

ሐሙስ ደግሞ ቡና አለ። ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ወዳጆች፣ አንዲት የሜክሲኮ ተወላጅ ጎረቤትና አምስት ሐበሾች ተራ እየገቡ ያፈላሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁለት ሐሙስ የቀረ ሰው ቤቱ ይንኳኳል። ዘንድሮ በዚህ ደንብ ስኳሩ ወርዶ ብቻውን ቤት የወደቀ ወዳጃቸው ተገኝቷል። በ1938 የተጀመረው የሃርቫርድ ጥናት ጥሩ ወዳጅነት ያላቸው ሰዎች ጤናቸውም ዕድሜያቸውም የተሻለ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። የኛ እድርተኛ ይህን ያለ ጥናት ያውቀው ነበር።

ይህን ስጽፍ እናቴን እያሰብኩ ነው። ባለፈው ስትመጣ እኔ ሥራ ስውል እሷ መስኮት ላይ ትውል ነበር። “ቤትህ ያምራል ልጄ፤ ግን ሰው የለበትም” ብላኝ ከቀኗ በፊት ተመለሰች። አልገባኝም ነበር፤ ፍሪጁን ሞልቼ ስለወጣሁ ሁሉም የተሟላላት መስሎኝ ነበር።

በመስከረም ትመጣለች። ለእትዬ ስነግራቸው ስለ መኝታ ክፍሉም ስለ ቴሌቪዥኑም አልጠየቁኝም። “በመጀመሪያው ሐሙስ አምጣት” አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ “ቁመቷ ስንት ነው? ብስክሌት ከአሁኑ እንፈልግላት” ሲሉ ጨመሩ።