የመጋዘን ወረፋ ከየት ይመጣል?

አንድ ማራገፊያ በር ያለው መጋዘን እንውሰድ። የጭነት መኪና በአማካይ በየ40 ደቂቃው ይመጣል፤ አንዱን ለማራገፍ በአማካይ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በወረቀት ሲሰላ ማንም አይጠብቅም፤ እንዲያውም በሩ የቀኑን ሩብ ሥራ ይፈታል። ግቢው ውስጥ ግን መኪኖች ተሰልፈዋል።

ጥፋቱ የአማካዩ ነው። መኪኖች ያለ ቀጠሮ ሲመጡ ሦስቱ ተከታትለው ይደርሳሉ፤ ከዚያ ለረጅም ሰዓት አንድም ዝር አይልም። በሩ ባዶውን የዋለበትን ጊዜ አጠራቅሞ ለግርግሩ ሰዓት ማዋል አይቻልም። የመድረሻውም የማራገፊያውም ጊዜ እንዲህ በዘፈቀደ ሲለዋወጥ፣ የተለመደው የወረፋ ቀመር የሚሰጠው አማካይ ጥበቃ 90 ደቂቃ ነው። መኪኖቹ በየ40 መምጣታቸው ቀርቶ በየ33 ደቂቃው ቢመጡ ደግሞ ጥበቃው 5 ሰዓት ይደርሳል። ሥራው የጨመረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ጥበቃው ግን ከሦስት እጥፍ አለፈ።

ለአንድ በር ቀመር ይበቃል። አምስት በር፣ ሁለት ፎርክሊፍት፣ የጫኝና አውራጆች የምሳ ሰዓትና ጠባብ መተላለፊያ ሲደባለቁ ግን ቀመሩ አቅም ያጣል። ሲሙሌሽን፣ ማለትም የመጋዘኑን ሥራ በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት እያንዳንዱን ሰከንድ አይቆጥርም፤ ከክስተት ወደ ክስተት ይዘላል፦ መኪና ደረሰ፣ ፎርክሊፍት ተለቀቀ፣ በር ተዘጋ። የወር ሥራ በቅጽበት የሚያልቀው በዚህ ነው። (ኖርዌጃውያኑ ኦሌ-ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ሥራ ሲሙላ የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጥረዋል።)

የእያንዳንዱ መኪና ጊዜ ከመጋዘኑ መዝገብ ላይ ተነሥቶ እንደ ዕጣ ይወጣል። አንድ ዙር የአንድ ቀን ዕድል ብቻ ስለሚያሳይ በመቶዎች ይደጋገማል። ሦስተኛ ፎርክሊፍት ይገዛ? መኪኖች በቀጠሮ ይምጡ? ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ዕቃ ወደ በሩ ይጠጋ? አንድ መደርደሪያ ሳይነቀል ሁሉም ይሞከራል። እኔ ብጠየቅ ከግዥው በፊት ቀጠሮውን አስሞክራለሁ፤ ወጪው ትንሽ ነው።

በስክሪን ላይ የሚሯሯጡ ፎርክሊፍቶች ግን ማስረጃ አይደሉም። መጀመሪያ ያለፈውን ወር መረጃ አስገብቶ፣ በእውን የታየው ወረፋ መውጣቱን ማየት ነው። ካልወጣ ምክሩም አይሰማ። ለዚህ ደግሞ የገቢ ደረሰኝ ላይ ያለው ቀን አይበቃም፤ መኪናው ግቢው የደረሰበት፣ ማራገፍ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ለየብቻ መመዝገብ አለበት። ለግቢው ዘበኛ አንድ ደብተርና የግድግዳ ሰዓት ከሶፍትዌሩ ቀድመው ይገዙ።