ስለ ፓራለልና ስለ ሲሪያል መሰኪያዎች ልዩነት

ደረሰኝን በካርቦን ከሁለትና ከሦስት ቅጂ ጋር በአንድ ጊዜ የሚያትመው ባለ ሪባን ፕሪንተር በአያሌ ንግድ ቤቶች እስከ ዛሬ ድረስ አገልግሎቱን አላቋረጠም። ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ግን አዲስ ይገዛል፤ አዲሱም ከመጣ በኋላ የፕሪንተሩን ገመድ የሚቀበል ቀዳዳ የሌለው ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ደኅናውን ፕሪንተር ከመጣል ወይም የማይሆን ገመድ ገዝቶ ገንዘብ ከማባከን አስቀድሞ የሁለቱን መሰኪያዎች ጠባይ ማወቅ ይገባል።

ኮምፒዩተር አንዱን የላቲን ፊደል ወይም አኃዝ በስምንት ምልክት ይልካል። ፓራለል በሚባለው መሰኪያ ስምንቱ ምልክቶች በስምንት ሽቦዎች ጎን ለጎን በአንድነት ይሄዳሉ። ሲሪያል በሚባለው ግን በአንድ ሽቦ ተራ በተራ ይከታተላሉ፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያስታውቁ ምልክቶች ስለሚጨመሩም ለአንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ 10 ምልክት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሰከንድ 9600 ምልክት የሚያሳልፍ ሲሪያል የሚያደርሰው 960 ፊደል ነው።

ነገሩ ከመጋዘን ሸክም እንደሚያወጡ ሰዎች ነው። ስምንት ተሸካሚዎች በሰፊ በር ጎን ለጎን ሲወጡ ሥራው ይፈጥናል። ሆኖም ቆጣሪው የሚመዘግበው ስምንቱም እኩል ሲደርሱ ነውና፣ መንገዱ በረዘመና ሩጫው በፈጠነ መጠን አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ቆጠራው ይበላሻል። ተራ የፓራለል ገመድ ከ3 ሜትር ባይበልጥ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሲሆን፣ የሲሪያል ገመድ ግን እስከ 15 ሜትር ድረስ ይዘረጋል። ቀድሞ ዘገምተኛ ይባል የነበረው ሲሪያል በመጨረሻ ማሸነፉ የሚያስገርም ነው፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 የወጣው ዩኤስቢ እንኳ በስሙ ውስጥ «ሲሪያል» የሚለውን ቃል ይዟል።

በኮምፒዩተሩ ጀርባ ሲታይ ፓራለሉ 25 ቀዳዳ ያለው ሴቴ ነው። ሲሪያሉ ባለ 9 ፒን ወንዴ ሲሆን፣ በጥንቶቹ ላይ ባለ 25 ፒን ወንዴም ይገኛል። ባለ 25 የሆኑት ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል፤ የፓራለሉ ኃይል 5 ቮልት ሲሆን፣ የሲሪያሉ እስከ 12 ቮልትና ከዚያም በላይ ስለሚደርስ፣ ያለ ቦታው የተሰካ ገመድ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚለውጠው ገመድ ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል፤ ለሚዛንና ለመሳሰለው መሣሪያ ይበቃል። ብቻ በኮምፒዩተሩና በመሣሪያው ላይ የተሞላው ፍጥነት አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚወጣው ጽሑፍ ትርጉም የሌለው ነው። ከዩኤስቢ ወደ ፓራለል የሚለውጠው ግን ያሳስታል። ከዊንዶውስ የሚላከውን ደብዳቤ አሳምሮ ያትማል፤ በዶስ የተሠራው የጥንቱ የሒሳብ ፕሮግራም ግን ሥራውን «ኤልፒቲ 1» ወደሚባለው መሰኪያ በቀጥታ ስለሚልክ አያገኘውም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያለው ቤት ከላፕቶፕ ይልቅ የፓራለል ካርድ የሚገባበትን የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ቢገዛ ይሻለዋል። ገንዘቡም ከመከፈሉ በፊት ሻጩ በቤቱ ፕሪንተርና በቤቱ ፕሮግራም አንድ ደረሰኝ አትሞ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው፤ በሱቁ ውስጥ በሌላ ወረቀት የሚደረገው ሙከራ ምንም አያስረዳም።