ስለ ጥርስ ምርጊት

ብልህ ገበሬ እህሉን ወደ ጎተራ ከማግባቱ በፊት የጎተራውን ዙሪያ ይመረምራል። ስንጥቅ ያገኘ እንደ ሆነ ጭቃና እበት ለውሶ ይመርገዋል፤ ነቀዝ በታናሽ ቀዳዳ እንደሚገባ ያውቃልና። ነቀዙ ከገባ በኋላ ግን ቢመርገው ምን ይጠቅመዋል?

የሰው ጥርስም እንዲሁ ነው። ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። ፊተኞቹ የወተት ጥርሶች ይባላሉ፤ ቍጥራቸውም 20 ነው። እነርሱ ሲወልቁ በስፍራቸው ሌሎች ይተካሉ። ነገር ግን ልጅ 6 ዓመት ያህል ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ፥ ከላይ ሁለት ከታች ሁለት፥ አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ይወጣሉ። አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጡ ብዙ ወላጆች አያስተውሏቸውም፤ ቢያዩአቸውም የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል። «ቢበላሽም ሌላ ይተካዋል» ብለው ይተዉታል። እነዚህ መንጋጋዎች ግን እስከ እርጅና የሚያገለግሉ ናቸው፤ ምትክም የላቸውም።

የመንጋጋ ላይ እንደ ተራራና እንደ ሸለቆ ነው፤ በመካከሉም ጠባብና ጥልቅ ስንጥቆች አሉ። የጥርስ ብሩሽ ጠጕር ከስንጥቁ ይወፍራል፤ የመፋቂያም ጫፍ አይደርስበትም። የምግብ ፍርፋሪ ግን ይገባል። ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተሐዋስያን በዚያ ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርሱን ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። የቀድሞ ሰዎች ጥርስን ትል ይበላዋል ይሉ ነበር፤ ነገር ግን ጥርስን የሚቦረቡረው ይህ አሲድ ነው እንጂ ትል አይደለም።

ስለዚህ ሐኪሞች ስንጥቁን አስቀድመው ሊደፍኑት ፈለጉ። ነገር ግን በለስላሳና በእርጥብ ጥርስ ላይ ምንም ነገር ተጣብቆ አይቆይም ነበርና ብዙ ዘመን አልተቻላቸውም። ማይክል ቡኖኮር የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በሮቸስተር ከተማ ይሠራ ነበር። ብረት ቀለም አጥብቆ እንዲይዝ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚቀባ ተመለከተ። ይህንንም በጥርስ ላይ ሞክሮ፥ አሲዱ የጥርሱን ላይ ጥቂት እንደሚያሻክረውና ሙጫ አጥብቆ እንደሚያስይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ዓመት ገለጠ። ከዚህ በኋላ ከባልደረባው ጋር የመንጋጋን ስንጥቅ በሙጫ ደፈነ፤ ውጤቱም በ1967 ዓመት ታተመ። ጥርስን የሚያጠፋው አሲድ በጥበበኛ እጅ በልክ ሲያዝ ጥርስን ለማዳን አገለገለ።

ዛሬ ሐኪሙ መንጋጋውን ያጸዳል፤ አሲዱን ለጥቂት ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ ለግማሽ ደቂቃ ያህል፥ ቀብቶ ያጥበዋል፤ ያደርቀውማል። ከዚያ በኋላ ፈሳሹን ሙጫ በስንጥቁ ውስጥ ያፈስሳል። ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበትም ሙጫው ወዲያው ይጠነክራል። መሰርሰርም ሕመምም የለበትም። ይህ ምርጊት በፊተኛው 2 ዓመት ውስጥ በመንጋጋ ላይ ሊሆን ካለው 100 ጕድጓድ 80 ያህሉን ይከለክላል። የ6 ዓመት ልጅ መንጋጋው እንደ ወጣ፥ 12 ዓመት ያህል ሲሆነውም ሁለተኞቹ መንጋጋዎች ሲወጡ ቢመረጉለት መልካም ነው።

ምርጊት ግን ሊሸረፍ ይችላልና በየጊዜው ሊታይ ይገባል። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውንም ስፍራ አይጠብቅም። በምርጊቱ ታምኖ ጥርሱን ማጽዳት የተወ ልጅ፥ የጎተራውን ስንጥቅ ደፍኖ በሩን ከፍቶ እንደ ተኛ ገበሬ ነው።

ይህ ሕክምና በየስፍራው ሁሉ አይገኝም። ማታና ጧት ጥርስን ማጽዳት፥ ጣፋጭ ነገርንም መቀነስ ግን በልጅ ሁሉ እጅ ነው። ጥርሱ ከተቦረቦረ በኋላ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር ልጅ ብዙ ነው፤ አስቀድሞ የተጠነቀቀ ግን በሰላም ይተኛል። ስለዚህ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ።