ስድስተኛው ጎሳ

በግጭት አካባቢ የእርቅ ውይይት ሳመቻች አስቀድሞ እጄ የሚገባው የተሳታፊዎች ዝርዝር ነው። የጎሳ መሪዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የታጣቂዎች ተወካዮች ሰፍረውበታል። «ሴቶቹስ?» ስል፣ «መስተንግዶውን ይዘዋል፤ በመክፈቻው ላይም እናቶች ይመርቁልናል» እባላለሁ። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም። ወንበሩን ለየወገኑ ሲደለድሉ ሴቶችን እንደ ወገን ስላልቆጠሯቸው ነው።

እዚህ ላይ የሶማሊያ ሴቶች ትምህርት ይሆኑናል። እ.ኤ.አ. በ1991 ማዕከላዊው መንግሥት ከወደቀ በኋላ በእርቅ ጉባኤዎች ላይ ወንበር የሚታደለው በአብዛኛው በጎሳ ነበር። ሶማሊያዊት ሴት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጎሳ ተወልዳ ወደ ሌላ ታገባለች። ጦርነት ሲነሳ ያባቷ ቤትም የባሏ ቤትም ይጠረጥሯታል። በቀደመው ልማድ ደም ለማድረቅ ልጃገረድ ለባለደሙ ወገን በትዳር ትሰጥ ነበር። ሴት ለእርቅ ትሰጣለች እንጂ ለእርቅ አትቀመጥም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ጅቡቲ፣ አርታ በተደረገው ጉባኤ አራቱ ትላልቅ ጎሳዎችና የአናሳዎቹ ኅብረት ወንበር ሲከፋፈሉ፣ ሶማሊያዊቷ የሰላም ታጋይ አሻ ሐጂ ኤልሚና ጓደኞቻቸው «ስድስተኛው ጎሳ እኛ ነን» ብለው ተነሡ። ጉባኤው የሚያውቀው ጎሳን ብቻ ስለነበረ፣ በጎሳ ስም ቀረቡ። ከ245ቱ የሽግግር ምክር ቤት መቀመጫዎች 25ቱ ለሴቶች ተመደቡ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ የሚጠይቀውን ውሳኔ 1325 ያጸደቀው ከዚህ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው።

በሁለቱም ወገን ዘመድ ያላት ሴት ተፋላሚዎች የማይደርሱበት ቤት ገብታ መልእክት ታደርሳለች። ለጥርጣሬ የዳረጋት ዝምድና ለሰላም የምትፈለግበት ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የሶማሊያ የሽግግር ቻርተር ለሴቶች ቢያንስ 12 በመቶ መቀመጫ ደነገገ፤ እንደራሴዎቹን የሚመርጡት ግን ጎሳዎች ስለነበሩ ኮታው አልሞላም። መራጩ ካልተለወጠ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከዋናው ስብሰባ በፊት የሁለቱም ወገን ሴቶች ለብቻቸው እንዲገናኙና ተወካዮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ አደርጋለሁ። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከወሰንና ከሥልጣን ይጀምራሉ። ሴቶቹ የገበያው መንገድ መቼ እንደሚከፈት፣ የታሰረው ልጅ የት እንዳለ፣ ወታደር የሰፈረበት ትምህርት ቤት መቼ እንደሚለቀቅ፣ የተደፈረችዋን ልጅ አቤቱታ ማን እንደሚሰማ ይጠይቃሉ። እነዚህ ጥያቄዎች በውሉ ውስጥ አንቀጽ ካልሆኑ ከፊርማው በኋላ ባለቤት አይኖራቸውም።

የሴቶች ሥልጣን ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በኦሮሞ ባህል የሲንቄ በትሯን ይዛ በተፋላሚዎች መካከል የቆመች ሴት ትከበራለች፤ ጠቡም ይበርዳል። ጠብ ሲበርድ ያከበርነውን ሥልጣን ውል ሲጻፍ መዘንጋት የለብንም።

ጉባኤ የምትጠሩ ሁሉ፣ እናቶች ይመርቁላችሁ፤ ምርቃታቸው ይድረስ። ከምርቃቱ በኋላ ግን አታሰናብቷቸው። ረቂቁን በሚጽፈው ኮሚቴ ውስጥ፣ ራሳቸው የመረጧቸው ሴቶች ብዕር ይዘው ይቀመጡ።