ምግብ ቤቱ ሲዘጋ በረቱ ይሰማዋል

ንሳምብያና ጎረቤቷ ካባላጋላ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤት የከፈቱባቸው የካምፓላ ሰፈሮች ናቸው። ጥብስና ክትፎ የሚሸጥ ቤት ሲዘጋ፣ ጉዳቱ ከብት አቅራቢው ዘንድ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኡጋንዳ በኮቪድ ምክንያት የሕዝብ ትራንስፖርት አገደች፤ ሰዓት እላፊም አወጀች። ሰው መጫን የተከለከለው ቦዳ ቦዳ ግን ዕቃ እንዲያደርስ ተፈቀደለት። የጭነት መኪናም አልቆመም። ለትንሽ ምግብ ቤት የቀረው መተንፈሻ ይኸው ነበር፦ ወንበሩን ሰብስቦ ምግቡን ጠቅልሎ በሞተር መላክ፣ ሒሳቡን በሞባይል ገንዘብ መቀበል። ትርፉ ቢያንስም ለሥጋ የሚከፈል ገንዘብ ይገኛል።

መጠጥ ቤቶች የተከፈቱት ግን በጃንዋሪ 2022 ነው። በምሽት ደንበኛ ብቻ የሚኖር ቤት፣ ባለቤቱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ ሁለት ዓመት ገደማ ኪራይ ከኪሱ ሊከፍል አይችልም። ከብት በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

በ2024 መጀመሪያ ነገሩ ተገለበጠ። በአፍተግር በሽታ ምክንያት በርካታ የኡጋንዳ ወረዳዎች ለከብት ዝውውር ተዘጉ። ምግብ ቤቱ ክፍት ነው፤ ከብቱ ግን ከወረዳው አይወጣም። ያኔ የሚፈለገው በሌላ ወረዳም አቅራቢ ያለው ነጋዴ ነው።