የሕሙማን መዝገብና የተመሰጠረ የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት

የሕሙማን መረጃ ከካርድ ክፍል መደርደሪያ ወደ ኮምፒውተር መሸጋገሩ የሕክምና ምስጢርን የመጠበቅ ግዴታችንን አላቀለለውም። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የራጅ ምስልና የክትትል መዝገብ በአንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ከየክፍሉ ሲነበቡ፣ ይህን የሚያስችለው አሠራር የኔትወርክ ፋይል ሥርዓት ይባላል። በዩኒክስና በሊኑክስ ዘንድ በሰፊው የታወቀው ኤንኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1984 በሰን ማይክሮሲስተምስ የተሠራ ሲሆን፣ በተለመደው አቀማመጡ መረጃን ሳያመሰጥር ያስተላልፋል። በመሆኑም መስመሩን መጥለፍ የቻለ ሰው የአንዲትን እናት የኤች.አይ.ቪ. ውጤት እንደ ተከፈተ ደብዳቤ ሊያነበው ይችላል። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

ምስጠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊጠብቅ ስለሚችል፣ የትኛው እንደተሠራ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የጉዞው ጥበቃ ነው። ኤስኤስኤችኤፍኤስ የተባለው ፕሮግራም መረጃውን በተመሰጠረ መስመር ያሳልፋል። አራተኛው የኤንኤፍኤስ ትውልድም ከርቤሮስ ከሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ጋር ሲጣመር ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አንደኛው ማንነትን ብቻ ያረጋግጣል፣ ሁለተኛው መረጃው በመንገድ አለመለወጡን ይጨምራል፣ የሚያመሰጥረው ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ «ከርቤሮስ አለን» የሚል መልስ ብቻውን አያረካም። በሁለቱም መንገዶች መረጃው ሰርቨሩ ላይ ሲደርስ ይፈታል።

ሁለተኛው የማከማቻው ጥበቃ ነው። ማት ብሌዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው የዩኒክስ ሥርዓት ምስጠራው የሚከናወነው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ በመሆኑ፣ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ሰርቨር ይዘቱን አያውቅም። ዛሬ ጎክሪፕትኤፍኤስ የተባለው ፕሮግራም ይህንኑ ይሠራል። ሰርቨሩ ቢሰረቅ ወይም ዲስኩ ለጥገና ቢወጣ የሚጠቅመን ይኸኛው ነው።

የተመሰጠረውን ሥርዓት አንድ ሠራተኛ በየማለዳው በእጁ የሚከፍተው ከሆነ፣ እርሱ በቀረበት ቀን ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ አገልግሎት ሆኖ መቋቋም አለበት። በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ይህን የሚመራው ሲስተምዲ ነው። በትእዛዝ ፋይሉ ላይ አገልግሎቱ ኔትወርኩ ከተገኘ በኋላ እንዲጀምር፣ ሲወድቅም ራሱን እንዲያነሳ፣ መግቢያ በሌለው ልዩ የተጠቃሚ ስም እንዲሠራ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አስቸጋሪው ጥያቄ ቁልፉ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ የይለፍ ቃሉን ማን ያስገባል? ቁልፉ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ከተቀመጠ ድንገተኛ ክፍሉ አይስተጓጎልም፤ ኮምፒውተሩን የሰረቀ ግን ቁልፉንም ሰረቀ። በእኔ አስተያየት ሰው በሚመላለስበት የዋርድ ኮምፒውተር ላይ ቁልፍ መተው ተገቢ አይደለም። በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ግን ቁልፉን አገልግሎቱ ብቻ እንዲያነበው አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። የይለፍ ቃል ከተመረጠ ቢያንስ ሁለት ተረኞች ሊያውቁት ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። በዩኒክስ የሩቁ ማከማቻ የሚያያዘው በአንድ ተራ ባዶ አቃፊ ላይ ነው። ማያያዙ ሳይሳካ ቢቀር አቃፊው በቦታው ይቆያል፤ የመመዝገቢያው ፕሮግራምም ምንም ሳይጠራጠር በውስጡ ይጽፋል። የዕለቱ ሕሙማን መረጃ ሳይመሰጠር በዚያው ኮምፒውተር ዲስክ ላይ ይቀራል፣ ከሌላ ክፍልም አይታይም። በኋላ ማያያዙ ሲሳካ እነዚያ ፋይሎች ከሥሩ ተሸፍነው ስለሚሰወሩ፣ ሐኪሙ «ውጤቱ አልመጣም» ብሎ ምርመራውን ሊያስደግም ይችላል። መፍትሔው ባዶውን አቃፊ አስቀድሞ ማንም፣ ዋናው አስተዳዳሪ እንኳ፣ እንዳይጽፍበት መቆለፍ፣ የመመዝገቢያውንም አገልግሎት ከማያያዣው ጋር አስሮ ያለ እርሱ እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

ከርቤሮስን የሚጠቀም ተቋም ሰዓቱንም ይጠብቅ። በተለመደው አቀማመጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ መግባት ይከለክላል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ የተሳሳተ ቀን ይዞ ይነሳል። በቅንነት ሰዓቱን ወደ አገርኛው አቆጣጠር የመለሰ ሰውም የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል፤ ማስተካከያው ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲወስድ ማድረግ ነው።

ምስጠራው ሥርዓቱን ከፍቶ ከገባ ሰውም ሆነ በዚያ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከሚሠራ ቫይረስ አይከላከልም፤ ለዚያ የተለየ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ ለሕሙማን አገልግሎት ከመዋሉ በፊት የኔትወርኩን ገመድ ነቅሎ በሐሰተኛ ስም አንድ መዝገብ ለመጻፍ መሞከር ይገባል። ፕሮግራሙ እምቢ ካለ በትክክል ተቋቁሟል፤ «ተመዝግቧል» ካለ ግን ሥራው ገና አላለቀም።